በተንሳፋፊ በረዶ መሃል ለመቅዘፍ ላሰባችሁ

ባለፈው እትም በግግር በረዶ፣ ማለትም ለዘመናት ተከማችቶ ከተራራ በቀስታ በሚወርድ ግዙፍ በረዶ፣ እግር ሥር ስለሚፈጠሩ ሐይቆች ጽፈን ነበር። ከአስጎብኚ ጋር በካያክ፣ በጠባቧ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ እየቀዘፉ፣ የተንሳፈፈውን በረዶ እያዩ፣ ማታ ዳር ላይ ድንኳን ተክለው ስለሚያድሩበት ጉዞ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ጥያቄ ይመጣል ብለን አልጠበቅንም። ዘመድ ውጭ ያለው፣ ቪዛ የያዘው፣ ገና የሚያልመው ሁሉ ጽፎልናል። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

«እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። የኔም ቪዛ ወጥቷል። በሰኔ አላስካ ሄደን፣ ሱዋርድ ከምትባል ከተማ ተነስተን፣ ቤር ግላሲየር ከሚባለው ግግር በረዶ ሥር ያለው ሐይቅ ላይ በካያክ ልንቀዝፍና ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልናድር ከፍላለች። ችግሩ እኔ ዋና አልችልም። አራት ኪሎ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ሐይቅ የማውቀው ቢሾፍቱ ለሽርሽር ስንሄድ ነው። እሷ ላይፍ ጃኬት አለ፣ አትጨነቂ ትለኛለች። ልመናት ወይስ ልቅር?» — ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ አትቅሪ። ግን ላይፍ ጃኬት አለ ተብሎ ብቻ አይኬድም፤ እህትሽን ገና ብዙ የምትጠይቂያት ነገር አለ።

ዋና አለመቻልሽ ከጉዞው አያስቀርሽም። ብዙ አስጎብኚዎች ዋና መቻልን ግዴታ አያደርጉም። የሚፈልጉት ፊቱን ውሃ ሲነካው የማይደነግጥ፣ የተነገረውን የሚሰማ ሰው ነው። እዚያ ሐይቅ ላይ ከጥልቀቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቅዝቃዜው ነው። ውሃው ከዜሮ ብዙም ከፍ አይልም። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ያኔ አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ነገሩ አበቃ። ያችን ደቂቃ ካለፈ፣ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ አለው። የቀዝቃዛ ውሃ አሰልጣኞች «አንድ፣ አሥር፣ አንድ» እያሉ የሚያስተምሩት ይህንን ነው። ስለዚህ በጂንስ ሱሪና በጥጥ ሹራብ ካያክ ላይ ከወጣ ጎበዝ ዋናተኛ ይልቅ፣ ዋና የማትችዪው አንቺ በደንብ ታጥቀሽ ከወጣሽ የተሻለ ዕድል አለሽ።

መታጠቅ ስል መጀመሪያ ድራይሱት ማለቴ ነው። አንገትና የእጅ አንጓ ላይ በጎማ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ፣ ውሃ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ነው። እሱ ራሱ ግን አያሞቅም። የሚያሞቅሽ ከሥሩ የምትለብሺው ሱፍ ወይም ፍሊስ ነው። ጥጥ የሆነ ነገር፣ ካልሲም ቢሆን፣ ቤት ይቅር፤ አንዴ ከረጠበ ሙቀትሽን ይወስደዋል እንጂ አይጠብቅልሽም። ላይፍ ጃኬቱ ከዚህ ሁሉ በላይ ይታሰራል፣ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ሲጎትቱት ወደ ጆሮሽ የሚወጣ ከሆነ አልታሰረም።

አሁን እህትሽ ድርጅቱን ትጠይቅልሽ። ድራይሱት ይሰጣሉ ወይስ የዝናብ ልብስ ብቻ? አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይይዛል? ካያኩ የሁለት ሰው ነው? የሁለት ሰው ካያክ ሰፋ ያለና የተረጋጋ ስለሆነ ለጀማሪ እሱ ይሻላል፣ አንቺ ከፊት ተቀመጪ፣ ልምድ ያለው ከኋላ ይሁን። ካያኩ ቢገለበጥ እንዴት እንደሚወጣ ከመነሳታችሁ በፊት ያሳያሉ? ስልክ በማይሠራበት ቦታ በምን ይገናኛሉ? እነዚህን በትዕግስት የማይመልስ ድርጅት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አስመልሱ። የምትከፍሉት ለጀልባው ሳይሆን ለአስጎብኚው ዓይንና ውሳኔ ነው።

ስለ ቦታው ደግሞ ጥቂት ልበልሽ። ሱዋርድ ከአንኮሬጅ በመኪና 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቤር ግላሲየር በ1980 በተቋቋመው የኬናይ ፊዮርድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው፣ በፓርኩ ካሉት ሁሉ ረጅሙ ግግር በረዶ እሱ ነው። መንገድ አይገባም። በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ነው የሚደረሰው። ይሄ ለአንቺ ትልቅ ትርጉም አለው፣ ምክንያቱም ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባ መጠጋት አይችልም፣ ጉም ከወረደም ሄሊኮፕተር አይነሳም፣ እናንተም ከታሰበው ቀን በላይ እዚያው ልትቆዩ ትችላላችሁ። የመመለሻ በረራሽን ለማግስቱ እንዳትይዢ። ሌላው፣ ከላይ በበረዶ የተገደበ ሐይቅ አለ፤ አልፎ አልፎ ግድቡን ሰብሮ ወደ ታች ይለቀቃል፣ ያን ጊዜ እናንተ ያላችሁበት ሐይቅ ይሞላል። ድንኳኑ ከውሃው ከፍ ብሎ መተከል ያለበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አስጎብኚው ይህን የሚያውቅ መሆኑን ጠይቂ፣ ካወቀ በደስታ ያስረዳሻል።

ድብ አለ። ጥቁሩም ቡናማውም። የሚበሰለውና የሚበላው ከድንኳኑ ራቅ ተብሎ ነው፣ ብዙዎች መቶ ሜትር ያህል ይላሉ። ምግብ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽታ ያለው ሁሉ ድብ በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ቦርሳሽ ኪስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ከረሜላ እንኳን። የድብ መከላከያ ርጭት በአውሮፕላን ስለማይፈቀድ አስጎብኚዎቹ እዚያው ያዘጋጃሉ።

የሚገርምሽ ደግሞ ብርሃኑ ነው። በሰኔ እዚያ ቀኑ 19 ሰዓት ገደማ ይረዝማል፣ ሌሊቱም ድቅድቅ አይልም። እኛ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መምሸት የለመድን ሰዎች ለዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ብንይዝ ጥሩ ነው። እንቅልፍ ያልተኛ ሰው በማግስቱ ሲቀዝፍ ይሳሳታል።

ከመሄድሽ በፊት አንድ የቤት ሥራ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ስትወርጂ ሂልተን ቅርብሽ ነው። ገንዳው በፍልውሃ የሚሞቅ ስለሆነ ስለ ቅዝቃዜ ምንም አያስተምርሽም፤ ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ መረጋጋትን፣ ትንፋሽ ይዞ መውጣትን ግን በደንብ ያስተምርሻል። አሰልጣኝ ይዘሽ ጥቂት ጊዜ ግቢ። ሌላ ገንዳ ከቀረበሽም ያው ነው።

«ልጄ ኒውዚላንድ ነው የሚማረው። ታዝማን የሚባል ሐይቅ ላይ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ሊሄድ ነው አለኝ። ፎቶውን ሲያሳየኝ ቤት የሚያክል በረዶ ውሃ ላይ ቆሟል። ጎረቤቴ ይሄ ነገር በድንገት ይገለበጣል አለችኝ። እውነት ነው? እንቅልፍ አጥቻለሁ።» — አንዲት እናት፣ ከፒያሳ

እናቴ፣ ጎረቤትዎ ያሉት እውነት ነው። ደብቄ ላጽናናዎ አልፈልግም፤ ነገሩን በደንብ ቢያውቁት ለልጅዎ ምን እንደሚሉት ያውቃሉ።

በረዶ ከውሃ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀልለው። በጨው አልባ ሐይቅ ላይ ከሚንሳፈፈው በረዶ ከመቶ ዘጠና ሁለት እጁ ከውሃ በታች ነው። ልጅዎ ፎቶ ላይ ያሳየዎት ቤት የሚያክለው ከመቶ ስምንት እጁ ነው ማለት ነው። ታች ያለው ክፍል ቀን ከሌት ይቀልጣል፣ ግን እኩል አይቀልጥም። አንድ ጎኑ ሲቀልል ሚዛኑ ይዛባል፣ ከዚያ ምልክት ሳይሰጥ ይዞራል። ሲዞር ከሥር የነበረው ወደ ላይ ይመጣል፣ ትልቅ ማዕበልም ያስነሳል። ለዚህ ነው ጥሩ አስጎብኚ ሰዎቹን ከበረዶው ቢያንስ በቁመቱ እጥፍ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ የሚያርቃቸው። በሐይቁ ጫፍ ላይ ግድግዳ ሆኖ ከቆመው ከዋናው ግግር በረዶ ደግሞ በብዙ መቶ ሜትር ነው የሚራቀው፤ ከእሱ ላይ ተገምሶ የሚወድቀው ነገር መጠን የለውም።

ታዝማን ሐይቅ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 22 ቀን 2011 ክራይስትቸርች ከተማን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚያ በጣም ርቆ ያለውን ግግር በረዶ ነቀነቀው። ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚገመት በረዶ ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። እስከ 3.5 ሜትር የሚደርስ ማዕበል ተነስቶ ሐይቁ ላይ የነበሩትን የጎብኚ ጀልባዎች አናወጣቸው። ይህ በየዕለቱ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ርቀት መጠበቅ ለወጉ ያህል የሚነገር እንዳልሆነ ያሳያል።

እኔ ልጅ ቢኖረኝ አትሂድ አልለውም ነበር። ያ ሐይቅ በ1970ዎቹ ገና ትንንሽ ኩሬ ነበር፣ በረዶው ወደ ኋላ እየሸሸ ስለሄደ ነው ዛሬ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ሐይቅ የሆነው። የእሱ ትውልድ የሚያየውን ልጆቹ ላያዩት ይችላሉ። ይሂድ፣ ይየው። እርስዎ ግን ሦስት ነገር ያስምሉት። ብቻውን ከጓደኞቹ ጋር ሳይሆን ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር እንዲሄድ፣ ለፎቶ ብሎ በረዶው ላይ እንዳይወጣ ወይም እንዳይነካው፣ አስጎብኚው ዛሬ ንፋሱ ጥሩ አይደለም ካለ ሳይከራከር እንዲመለስ። ከግግር በረዶ ላይ የሚወርደው ቀዝቃዛ ንፋስ ሳይታሰብ ይበረታል፣ ሲበረታ ደግሞ ጀማሪ ቀዛፊ ወደፈለገበት መሄድ ያቅተዋል።

አስጎብኚ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነም ይወቁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አይስላንድ ውስጥ ብሬይዳመርኩርዮኩትል በሚባል ግግር በረዶ ላይ ከአስጎብኚ ጋር ከነበሩ ጎብኚዎች መካከል አንድ አሜሪካዊ በረዶ ተደርምሶበት ሞቷል። በበጋ፣ በረዶው በሚለሰልስበት ወቅት ነበር። ስለዚህ ልጅዎ አስጎብኚውንም ይጠይቅ፣ ዓይኑንም ይክፈት።

«ብቻዬን ነው የምሄደው። አይስላንድ ያለው ዩኩልሳርሎን ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ፣ ጠዋት ከድንኳን ስወጣ በረዶውን ማየት ነው ሕልሜ። ወጪውን ከሁለት ዓመት ጀምሮ እያጠራቀምኩ ነው። ምን ላድርግ? ቪዛውስ?» — ከካዛንቺስ

ወንድሜ፣ ሕልምህ ጥሩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ይስተካከል። ዩኩልሳርሎን ዳር ድንኳን መትከል አይፈቀድም። ቦታው የቫትናዮኩትል ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፣ ፓርኩም በ2019 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማደሪያ የተፈቀደባቸው ካምፖች በስተምዕራብ ስካፍታፌል፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ሆፍን ከተማ አሉ። ሁለቱም በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቁም። በጠዋት ተነስተህ ቀድመህ ድረስ፣ ሰው ሳይበዛ ታየዋለህ።

ሐይቁ ራሱ ታሪኩ ይገርማል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው መፈጠር የጀመረው። ዛሬ የአይስላንድ ጥልቁ ሐይቅ ነው፣ ከ240 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከባሕር ጋር በአጭር ወንዝ ስለሚገናኝ ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማ ውሃ ይገባበታል፣ አቆስጣዎችም (ሲል የሚባሉት የባሕር እንስሳት) አብረው ገብተው በረዶው ላይ ተኝተው ታያቸዋለህ። የተሰበረው በረዶ ወደ ባሕር ወጥቶ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጣላል። በረዶው አንዳንዱ ሰማያዊ ነው፤ ለብዙ ዘመን ተጭኖ አየሩ ስለወጣለት ብርሃን በጥልቅ ይገባበታል፣ ቀዩን ውጦ ሰማያዊውን ይመልሳል። ካያክ ላይ ዝም ብለህ ከቆየህ ደግሞ ቡና ሲቆላ እንደሚሰማው ዓይነት ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። በረዶው ሲቀልጥ፣ ከድሮ ጀምሮ የታፈነ አየር ነው የሚወጣው።

ከሬይክያቪክ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የካያክ ጉዞው በበጋቸው ወራት ነው፣ እሱም የእኛ ክረምት ማለት ነው። ውሃ ላይ የምትቆየው እንዳሰብከው ቀኑን ሙሉ አይሆንም፣ ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊት ከበረዶው አጠገብ ማደር የግድ ከሆነብህ ግን ከላይ ለአራት ኪሎዋ እህታችን የጻፍኩትን አላስካን አስብ።

ቪዛው ሸንገን ነው፣ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሸንገን ውስጥ ናት፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ኤምባሲ የላትም። ማመልከቻውን የት እንደምታስገባ ከራሳቸው የመንግሥት ድረ ገጽ አረጋግጥ፣ ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ለሚልህ ደላላ ብርህን እንዳታስረክብ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልግሃል፣ መድኑ ካያክን የሚያካትት መሆኑን ደግሞ ጽሑፉን አንብበህ አረጋግጥ፣ ብዙዎቹ የጀብዱ ስፖርት አይሸፍኑም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ማመልከቻ ላይ የሚወሰደውን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው። በሐምሌ ልትሄድ ከሆነ ከገና በኋላ ወረቀትህን መሰብሰብ ጀምር። የካያኩን ክፍያ ደግሞ ገንዘብህ በሚመለስበት ውል ያዝ፤ ቪዛ ሳይመጣ የማይመለስ ክፍያ መክፈል አይመከርም።

«ጉዟችን ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። ምን እንብላ? ከፍልሰታ በኋላ ለሚተርፈን ቀንስ ቋንጣ መያዝ እንችላለን?» — ጓደኛሞች፣ ከቸርችል ጎዳና

ቋንጣውን ተዉት። ሥጋ ወደ አሜሪካም ወደ ሸንገን አገሮችም ይዞ መግባት ክልክል ነው። የአገር ቤት ቅቤም ወደ አውሮፓ አይገባም። የያዛችሁትን ምግብ ሁሉ አሜሪካ ስትገቡ አስመዝግቡ፣ ባለማስመዝገብ ነው ሰው የሚቀጣው።

የጾም ምግብማ የእኛ ቤት ሞልቷል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቆሎ፣ ሁሉም ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ሳይበስሉ ይበላሉ። በሶ በተለይ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ለአስጎብኚው የእንስሳት ተዋጽኦ እንደማትበሉ ስትመዘገቡ ንገሩት፣ ድንኳን ጋ ደርሳችሁ ሳይሆን። አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። ሰውነት በብርድ ሙቀት የሚሠራው ከምግብ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ በረዶ ውሃ ላይ መቅዘፍ አደጋ አለው፣ ለራሳችሁም አብሯችሁ ለሚቀዝፈውም። ከመሄዳችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

«ማንም አይጽፈውም እንጂ፣ ሴት ልጅ ያንን ሁሉ ልብስ ለብሳ ሽንት ቢመጣባትስ?» — ከሜክሲኮ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሚያፍር አይፈር። ለሴት ተብለው የተሠሩ ከኋላ ዚፕ ያላቸው ድራይሱቶች አሉ። ሲያከራዩሽ እሱን ጠይቂ። ዚፑን ከመነሳትሽ በፊት ራስሽ ከፍተሽ ዝጊ፣ በደንብ ካልተዘጋ ውሃ ያስገባል። ውሃ መጠጣት ግን እንዳትቀንሺ፣ ጥሙ ሳይታወቅሽ ያደክምሻል። ካምፕ ላይ አስጎብኚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻውን ሁሉ ይዘው የሚመለሱበት ዕቃ አላቸው፣ የወር አበባ ዕቃም እዚያው አብሮ ይመለሳል፣ አይቀበርም።

«እኛ አገርስ ምንም የለም? በረዶ ባይኖር እንኳን የምንለማመድበት?» — ከስታዲየም አካባቢ

በረዶ ነበረን! የባሌ ተራሮች ላይ ያለው የሳነቴ አምባ በአንድ ወቅት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር፣ ሰሜን ተራሮችም እንዲሁ። በ2019 በታተመ ጥናት፣ ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ተረጋግጧል። ከግግር በረዶው ብዙም ሳይርቁ፣ የሚቀልጠውን ውሃ እየጠጡ፣ የባሌን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። በበረዶ ዳር ማደር ለዚህ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው፣ ይሄን ሳስብ በጣም ደስ ይለኛል።

ዛሬ በረዶው የለም፣ መለማመጃ ግን አለ። ለመቅዘፉ ቢሾፍቱ ሂዱ፣ ሐይቁ ዳር ካያክ የሚያከራዩ መዝናኛዎች አሉ። ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ማቆም፣ ወደ ኋላ መቅዘፍ፣ ከነፋስ ጋር መታገል እዚያ ይለመዳል። ትከሻችሁ ሳይሆን ወገባችሁ እስኪሠራ ድረስ ቅዘፉ። ላይፍ ጃኬት ካልሰጧችሁ አትውጡ።

ለማደሩ ደግሞ ወንጪ ይሻላል። ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሐይቁ ያለበት የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ከንፈር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። ይዛችሁ የምትሄዱትን የእንቅልፍ ከረጢት፣ የሱፍ ልብስ፣ ጫማ፣ የራስ መብራት ሁሉ እዚያ ፈትሹት። ምንጣፉን አትርሱ፣ ከላይ ከሚመጣው ብርድ ይልቅ ከመሬት የሚመጣው ነው የሚጎዳው። ዝናብ ያለበትን ቀን ብትመርጡ ይመረጣል፣ ምክንያቱም አላስካም አይስላንድም ዝናብ አለ። በእርጥብ ድንኳን አድራችሁ ጠዋት ቁርስ ለማብሰል ፍላጎት ካላችሁ፣ ያኔ ለጉዞው ክፈሉ።